ባለቀለም ስኳር በብስኩት፣ በቦምቦሊኖ፣ በኬክና በብርጭቆ ጠርዝ ላይ ሲፈተን

በአዲስ አበባ የኬክ መሥሪያ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች፣ ከጄል ቀለሙ (ወፈር ካለው የምግብ ቀለም) እና ከፎንዳንቱ (ተዳምጦ ኬክ ከሚሸፈንበት የስኳር ሊጥ) ጎን፣ በትናንሽ የፕላስቲክ ጠርሙሶች የታሸገ ባለቀለም ስኳር አሁን በቀላሉ ይገኛል። ከውጭ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ቀይ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ስድስቱ ጠርሙስ በአንድ ካርቶን ይሸጣል። ባለሱቆች ከትልቅ ከረጢት እየዘገኑ በላስቲክ ቋጥረው የሚሸጡት፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ዓይነትም አለ። ሦስተኛው ከአገር ውስጥ ስኳርና ከምግብ ቀለም በቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ነው። ሦስቱንም በብስኩት፣ በቦምቦሊኖ፣ ልዩ ልዩ ክሬም በተቀባ ኬክና በመጠጥ ብርጭቆ ላይ ስጠቀምባቸው ስለቆየሁ፣ ለየትኛው ገንዘብ ማውጣት እንደሚገባና የትኛው በምን ላይ እንደሚያምር በዝርዝር ለመጻፍ ወድጃለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይህን ስኳር ገዝቶ ኬኩን ካበላሸበት በኋላ ጥፋቱን ከራሱ እጅ ይቆጥረዋል፣ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩ ከተነሰነሰበት ነገር ጋር አለመስማማቱ ነው።

በጠርሙስ የሚመጣው ስኳር ከተራው የሚለየው ከሁሉ አስቀድሞ በቅንጣቱ መጠን ነው። ቅንጣቱ ለሻይ ከምንጠቀምበት ስኳር በግልጽ ይበልጣል፤ ገጹ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ የተሳለ በመሆኑም ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ ያንጸባርቃል። ኬክ ላይ ዓይን የሚስበው ብልጭታ የሚመጣው ከቀለሙ ሳይሆን ከዚህ ገጽ ነው። ቀለሙ በላዩ ላይ በስሱ የተቀባ ሽፋን ብቻ ነው። ይህን በዓይን ለማየት አንድ ቁንጥጫ ቀይ ስኳር ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ ሳያማስሉ መመልከት ይበቃል፤ ቅንጣቶቹ ወደ ታች ሲወርዱ ከእያንዳንዳቸው ቀጭን ቀይ ክር እየተመዘዘ በውኃው ውስጥ ይበተናል፣ ብርጭቆው ሥር የደረሱት ግን ቀለማቸውን ጥለው እንደ ብርጭቆ ስባሪ ጥርት ብለው ይታያሉ። ስኳሩ ገና ሳይሟሟ ቀለሙ አስቀድሞ ሄዷል ማለት ነው።

ስለ ባለቀለም ስኳር መታወቅ ያለበት ዋናው ነገር ከዚህ የሚነሣ ነው። ለዚህ ሥራ የሚውሉት የተለመዱ የምግብ ቀለሞች በውኃ የሚሟሙ፣ በቅባት ግን የማይሟሙ ናቸው። ስለዚህ ስኳሩ ያረፈበት ነገር ቅቤ፣ ቸኮሌት ወይም የደረቀ ሊጥ ከሆነ ቀለሙ በቦታው ይጸናል፤ ውኃ ያለበት ነገር ከሆነ ግን ቀለሙ መጀመሪያ ይለቃል፣ ቀጥሎም ቅንጣቱ ራሱ ይሟሟል። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ነገር የዚሁ አንድ ባሕርይ ውጤት ነው።

በብስኩት ላይ በጠርሙስ የሚመጣው ስኳር እጅግ አጥጋቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስኳር 186 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ስለማይቀልጥ፣ የብስኩቱም ገጽ በምድጃ ውስጥ እዚያ ሳይደርስ ስለሚበስል፣ ከመጋገሩ በፊት የተነሰነሰው ስኳር ቅርጹንም ብልጭታውንም ይዞ ይወጣል። ሊጡ ላይ ውኃ በብሩሽ በስሱ ዳሰስ አድርጎ መነስነስ ይበቃል፤ ለፍስክ የሚሠራ ሰው የእንቁላል ነጭ ቢጠቀም ስኳሩ የበለጠ ይጸናል። ቀዩና አረንጓዴው ከምድጃ ሲወጡ እንደገቡ ናቸው፤ ሮዙ በጥቂቱ ይደበዝዛል። ለገና ወይም ለልጆች ልደት ብስኩት የሚጋግር ሰው ከሌላ ማስዋቢያ ሁሉ ይህን ቢያስቀድም እመክራለሁ፣ ምክንያቱም ፎንዳንት ለመዳመጥና ለመቁረጥ የሚፈጀው ጊዜ እዚህ በጣት ቁንጥጫ ያልቃል፣ ጣዕሙም ከብስኩቱ ጋር የሚስማማ ለስላሳ፣ ጥርስ ላይ ከሽ የሚል ነገር እንጂ የጎማ ስሜት ያለው ሽፋን አይደለም።

ቦምቦሊኖ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዘይት እንደወጣ በተራ ስኳር ውስጥ የሚንከባለለው ቦምቦሊኖ ስኳሩን የሚይዘው በላዩ ባለው ዘይትና ከውስጡ በሚወጣው እንፋሎት ነው። ትልቁ ባለቀለም ቅንጣት ግን ከነክብደቱ ይረግፋል፤ የያዘውም ቢሆን በእንፋሎቱ ምክንያት ቀለሙን ስለሚለቅ ሊጡ ላይ ነጠብጣብ ይቀራል። ቦምቦሊኖው ለብ እስኪል ጠብቆ፣ አናቱን ብቻ በወፍራም የስኳር ሽሮፕ ወይም በቀለጠ ቸኮሌት ነክሮ፣ ከዚያ ባለቀለሙ ስኳር ላይ መጫን የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ቸኮሌት የተቀባው በማግሥቱም ሳይለቅ ይቆያል። ቁርስ ላይ በሙቀቱ ለሚበላ ቦምቦሊኖ ግን የተለመደው ደቃቅ ነጭ ስኳር ይበቃል፣ ባለቀለሙን እዚያ ላይ ማባከን አያስፈልግም።

ኬክ ላይ ሲመጣ ጥያቄው የክሬሙ ዓይነት ነው። በቅቤ የተመታ ክሬም፣ ውስጡ ያለው ውኃ ጥቂት ስለሆነና ላዩም ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ባለቀለም ስኳሩን ከአንድ ቀን በላይ ሳያበላሽ ይይዛል። የኬኩን ጎን ለማልበስ ኬኩን ከነጠፍጣፋ መደገፊያው በአንድ እጅ ዘንበል አድርጎ በሰፊ ትሪ ላይ ይዞ፣ በሌላው መዳፍ ስኳሩን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ መጫን ነው፤ ትሪው ላይ የረገፈው ተሰብስቦ ዳግም ይሠራል። ክሬሙ ከፍሪጅ ወጥቶ ከጠነከረ ስለማይዝ ይህ መደረግ ያለበት ኬኩ እንደተቀባ ወዲያው ነው።

በአገራችን ኬክ ቤቶች ግን በብዛት የሚሠራው በተመታ ቀላል ክሬም ነው፣ በጾም ወቅት የሚቀባው የአትክልት ክሬምም ከዚሁ ወገን ነው። ሁለቱም ብዙ ውኃ አላቸው። ማታ የተነሰነሰ ቀይ ስኳር በነጭ የጾም ክሬም ላይ አድሮ ጠዋት ሲታይ ቅንጣቱ ጠፍቶ፣ በቦታው ሮዝ ጠብታዎችና ወደ ታች የወረዱ መስመሮች ይቀራሉ፤ ለክርስትና ወይም ለምርቃት ለታዘዘ ኬክ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ኬኩን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት አያድነውም፣ እንዲያውም ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሞቅ ያለ አየር ሲያገኘው ላዩ ላይ የሚያቸፈው ጤዛ የቀረውን ያሟሟዋል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ኬክ ላይ ባለቀለም ስኳር መነስነስ ያለበት ደንበኛው ሊወስደው ሲመጣ ወይም ሊቆረስ ሲል ነው። ኬክ ቤቶች ስኳሩን በትንሽ ወረቀት ጠቅልለው ለደንበኛው ቢሰጡትና ቤቱ ደርሶ እንዲነሰንስ ቢነግሩት ብዙ ቅሬታ ይቀር ነበር። አንድ ኬክ ቤት ያዘዝኩትን ኬክ ከነወረደ ሰማያዊ ቀለሙ አስረክቦኝ፣ ባለሙያው «ቀለሙ ጥራት የለውም» ሲል ምክንያት ሰጥቶኛል፤ ቀለሙ ግን ምንም አላጎደለም ነበር፣ ከአንድ ቀን በፊት በእርጥብ ክሬም ላይ መነስነሱ ነው ያበላሸው።

አሁን ወደ መጠጡ ልለፍ። የብርጭቆን ጠርዝ በስኳር ማስዋብ በምግብ ቤቶችና በሠርግ ድግስ ላይ እየተለመደ መጥቷል፣ አሠራሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግድየለሽነት ይታይበታል። ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት። ማጣበቂያው ከውጭ በኩል ብቻ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ስፋት መቀባት ይኖርበታል፤ ወደ ውስጥ የገባ ስኳር መጠጡ ውስጥ ወድቆ ጣዕሙን ይለውጠዋል፣ ቀለሙንም ያደፈርሰዋል። ብዙ ሰው ለማጣበቂያ የሚወስደው የሎሚ ጭማቂ ነው፣ እሱ ግን ውኃ ስለሆነ ባለቀለሙን ስኳር ቶሎ ያስለቅቀዋል። ማር እጅግ ይሻላል፤ ከውስጡ ውኃ የሚሆነው አምስተኛው እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ ቅንጣቱን ሳያሟሟ ይይዘዋል። በጣት ጫፍ ስሱን ማር ቀብቶ፣ ብርጭቆውን ስኳር በተዘረጋበት ሳህን ላይ በጎኑ እያንከባለሉ ማስያዝ፣ ከዚያም መጠጡ ከመቀዳቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ጥሩ ጠርዝ ይሰጣል።

በዚህ ሥራ ላይ በጠርሙስ የሚመጣውን ትልቅ ቅንጣት አልወደድኩትም። ለዓይን ያምራል፣ ለከንፈር ግን ይሻክራል፤ ጠጪው ሲስብ ሳይሟሟ አፍ ውስጥ ስለሚገባም መጠጡና ስኳሩ አይዋሐዱም። ለብርጭቆ ጠርዝ የአገር ውስጡ ስኳር፣ መካከለኛ ቅንጣት ያለው በመሆኑ፣ ከውጭ ከሚመጣው ይበልጣል። በስሱ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ ጨምሮበት በጣት የታሸ ስኳር ከነሽታው ቀዝቃዛ ሻይንና የሎሚ ጭማቂን በጣም ያነሣቸዋል።

ስፕሪስን በተመለከተ አስተያየቴ ጠንከር ያለ ነው። የአቮካዶ፣ የማንጎና የፓፓያ ድርብርብ ራሱ ቀለም ነው፣ ከላይ ቪምቶ ሲፈስበት ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ማስዋቢያ የለውም፤ በዚህ ላይ ሰማያዊ ወይም ሮዝ ጠርዝ መጨመር የብርጭቆውን ውበት ይቀንሰዋል። በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ጁስ ስለሆነም ማንኪያው ጠርዙን እየነካ ስኳሩን ያረግፈዋል። የግድ ከተፈለገ ነጩ ይበቃል። ማኪያቶ ላይ የሚነሰነሰው ባለቀለም ስኳር ደግሞ አረፋው ላይ ለአፍታ ታይቶ ይሰምጣል፣ ከሙቀቱ የተነሣ ቀለሙ ይለቅና አረፋውን ያዥጎረጉረዋል። አምቦ ውኃን በመሰለ ጋዝ ያለው መጠጥ ውስጥ ስኳሩን ለማሳመር ብሎ መጣልም አይመከርም፣ ጋዙ በቅንጣቶቹ ሻካራ ገጽ ላይ እየተሰበሰበ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ መጠጡ ገንፍሎ ይፈስሳል። እዚያም ቢሆን ቦታው ጠርዙ ነው።

ስለ ይዘቱ ስናነሣ፣ በጠርሙስ የሚመጣው ስኳር አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከኋላው የተጻፈ የይዘት ዝርዝር ይዞ ይመጣል። ይህን ማንበብ ለብዙ የአገራችን ተጠቃሚ አስፈላጊ ነው። ቀለሞችና ሌሎች ተጨማሪዎች እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ «ኢ» በሚል ፊደል በሚጀምር መለያ ቁጥር ይጻፋሉ። ኢ 120 ተብሎ የሚጻፈው ካርሚን የተባለው ቀይ ቀለም ቁልቋል ላይ ከሚኖር ነፍሳት የሚወጣ ነው። ኢ 904 ሼላክ የተባለው ማንጸባረቂያም ከነፍሳት የሚገኝ ነው፣ ከስኳሩ ይልቅ በትናንሽ ክብ ማስዋቢያዎች ላይ በብዛት ይገኛል። የጾም ኬክ የሚሠራ ሰው ቅቤና እንቁላል ማስወገዱ ብቻ ስለማይበቃው እነዚህን ቁጥሮች ማየት ይኖርበታል፤ ደንበኛውም ሲጠይቀው እርግጠኛ መልስ መስጠት አለበት። ኢ 903 ካርናውባ ሰም ግን ከዘንባባ ቅጠል የሚወጣ ስለሆነ በዚህ ረገድ ጥያቄ አያስነሣም።

ለልጆች ልደት የሚገዙ ወላጆች ደግሞ ሌላ የሚያዩት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የታተመ ጥናት አንዳንድ የምግብ ቀለሞችን ከልጆች መቅበጥበጥና ትኩረት ማጣት ጋር ካገናኘ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት ኢ 102፣ ኢ 104፣ ኢ 110፣ ኢ 122፣ ኢ 124 እና ኢ 129 ከተባሉት ቀለሞች አንዱ ያለበት ምግብ ከሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዝዟል። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ራሱ የጥናቱን ማስረጃ ውስን ነው ስላለው ነገሩን ማጋነን ተገቢ አይሆንም፣ ብስኩት ላይ የሚነሰነሰውም መጠን ጥቂት ነው፤ ሆኖም ቁጥሩን አይቶ የሚወስን ወላጅና ምንም ሳያይ የሚሰጥ ወላጅ እኩል አይደሉም። በአሜሪካም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ቀይ ቁጥር 3 የተባለውን ቀለም ከምግብ እንዲወጣ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወስኖ፣ ለአምራቾች እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥቷል። ይህ ቀለም በሌላ ስሙ ኢ 127 ነው፣ በሮዝ ማስዋቢያዎች ላይ ሲሠራበት የቆየ ስለሆነ ሮዙን ጠርሙስ ሲገዙ ማየት ይገባል። ነጩን በሚመለከትም፣ ከስኳሩ ጎን በሚሸጡ ነጭ ማስዋቢያዎች ላይ የሚገኘውን ኢ 171 የተባለ ነጭ ቀለም የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. አግዶታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ተመሳሳይ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው አብረቅራቂ ዱቄት ነው። አንዳንዱ ላይ «መርዝ የሌለው» ወይም «ለማስዋቢያ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ይታያል፤ ይህ ማለት ይበላል ማለት አይደለም። የሚበላ ነገር የይዘት ዝርዝር ይኖረዋል። ባለሱቁ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልም፣ ዝርዝር የሌለውን ዱቄት ከባለቀለም ስኳር ጋር አምታቶ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ መቀባት በምንም መንገድ አይገባም።

በዚህ ምክንያት በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠውን ለማንም አልመክርም። ርካሽነቱ እውነት ነው፣ ነገር ግን ምን እንደገባበት የሚናገር የለም። በጥራትም ያነሰ ነው፤ የገዛሁት ቀይ ስኳር ደረቅ ጣት ላይ ሳይቀር ቀለም ይተው ነበር፣ ከላስቲኩ ሥር ደግሞ የተፈረፈረ ቀይ ዱቄት ተጠራቅሞ ነበር። ይህ ዱቄት መጀመሪያ ስለሚሟሟ ክሬሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያቀላዋል።

በቤት የሚዘጋጀው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። 200 ግራም ስኳር ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ በጥርስ እንጨት ጫፍ የተወሰደ ጄል ቀለም ጨምሮ፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ ቀለሙ እስኪዳረስ ማሸት ነው። ፈሳሹ ቀለም ውኃ ስለሚበዛበት ቅንጣቱን ያሟሟዋል፣ ስለዚህ ጄሉ ይመረጣል። ከዚያ በመጋገሪያ ትሪ ላይ በስሱ አስጥቶ ማሳደር፣ ወይም 90 ዲግሪ ባልበለጠ ምድጃ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጎ አሥር ደቂቃ ያህል ማድረቅ፣ በመጨረሻም በወንፊት ነፍቶ የጓጎለውን መለየት ይበቃል። ኬሚካል የማይፈልግ ሰው የቀይ ሥር ጭማቂ አንተክትኮ አወፍሮ ሊጠቀም ይችላል፤ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ የሚያምር ሮዝ ይሰጣል፣ ምድጃ ውስጥ ግን ወደ ቡናማ ስለሚያደላ ለብስኩት አይሆንም። እርድም ለእንቁጣጣሽ የሚሆን የአደይ አበባ ቢጫ ያወጣል፣ ሆኖም ብርሃን ስለሚያደበዝዘው ጨለማ ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ከበዛም ጣዕሙ ይሰማል።

የአገር ውስጡ ስኳር በዚህ ሥራ ላይ አንድ ገደብ አለው። የወንጂም ሆነ የመተሐራ ስኳር በቀጥታ ከሸንኮራው ተመርቶ የሚወጣ እንጂ እንደገና ተጣርቶ ፍጹም የነጣ ስላልሆነ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጥቂት ቀለም አለው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ሲቀባ ይህ አይታወቅም፤ ሰማያዊ ሲቀባ ግን ከሥሩ ያለው ቢጫነት ተደባልቆ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል፣ ወይን ጠጅም ጭቃማ ይሆናል። ቀለሙን በመጨመር አይስተካከልም።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ ያገኘሁት፣ ከካርቶኑ ውስጥ ማንም ልብ የማይለው ነጩ ጠርሙስ ነው። እሱ በሚገባ የተጣራ፣ ትልቅ ቅንጣት ያለው፣ ቀለም ያልነካው ስኳር ነው። አንዱ ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ ተራ ስኳር በላይ ዋጋ ሲጠየቅበት፣ የሚከፈለው በቤት ልንሠራው ለማንችለው ለዚያ ቅንጣት መሆን አለበት፤ ቀለሙን ግን ይዘቱን አንብበን በመረጥነው ጄል ራሳችን ልንቀባው እንችላለን። ሰማያዊውም ጥርት ብሎ ይወጣል፣ የጾም ጥያቄም አይነሣበትም፣ ለሠርግ የተመረጠ ልዩ ቀለም ቢፈለግም ከስድስቱ ውጪ የሆነውን ማውጣት ይቻላል። ሳይቀባ እንዳለ ነጭ ክሬም ላይ ቢነሰነስም ቢሟሟ እንኳን የሚያወርደው መስመር ስለሌለው ከሁሉ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል።

የጠርሙሱ አሠራር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የክዳኑ ቀዳዳዎች ለቅንጣቱ መጠን ጠባብ ናቸው፣ በክረምት ደግሞ በነዚሁ ቀዳዳዎች እርጥበት ስለሚገባ ስኳሩ አፉ ላይ ጓጉሎ ይዘጋዋል። ጠርሙሱ እንደተከፈተ ስኳሩን አጥብቆ ወደሚዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ማዘዋወርና ከምድጃ እንፋሎት ማራቅ ያስፈልጋል። የጓጎለውን በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብሎ መፈርፈር ይቻላል፤ በሙቀጫ ከተወቀጠ ግን ጠፍጣፋው ገጽ ተሰብሮ ብልጭታው ይጠፋል። ነጩን ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ ከተገኘ ካርቶኑን መግዛት አያስፈልግም፤ ካልተገኘ ደግሞ ቀዩንና አረንጓዴውን ለብስኩት፣ ነጩን ለኬክ እያደረጉ፣ ሰማያዊውን ቸኮሌት ለተቀባ ቦምቦሊኖ ማስቀረት ነው።